ከጀጎል በሮች እስከ ሐረማያ ዳር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አራት ጓደኛሞች ከሐረር ተነሥተን፣ አወዳይን አልፈን፣ ከሐረማያ ሐይቅ ዳር ጥላ ያለበት ስፍራ መርጠን ምንጣፋችንን ዘርግተናል። ሐረር ከዚህ ብትርቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከወረቀትና ከስልክ ጋር ሲታገል የሰነበተ ሰው እንደሚያደርገው ሁሉ ጫማችንን አውልቀን፣ ጋደም ብለን ነፋስ እንቀበላለን። አንዱ ጀበናውን ጥዷል፤ ሌላው ከአወዳይ የገዛውን ጫት ይቀነጥሳል፤ የቀረነው ቲማቲምና ቃሪያ እንከትፋለን።

እንዲህ ባለ ቀን ማለም ወግ ነው። ጀበናውን የጣደው ጓደኛችን ጀመረ።

«እኔ እኮ እዚያ ማዶ፣ ከዳገቱ ሥር ትንሽ መሬት ባገኝ ከተማውን እርግፍ አድርጌ እተወው ነበር። ጥቂት እግር ቡና፣ ሁለት ቀፎ ንብ፣ አንዲት የምትታለብ ላም፣ ለመብራት ደግሞ ከጣሪያዬ ላይ በፀሐይ የሚሠራ ሰሌዳ። ከገበያ የምገዛው ጨውና ስኳር ብቻ ይሆናል።»

«ማር እያለህ ስኳር ምን ያደርግልሃል?» አለው አንዱ።

«ውኃውስ?» አልኩት እኔ።

«ውኃማ ይኸው!» ብሎ ሐይቁን በእጁ አሳየን።

ሁላችንም ሣቅን። እዚሁ አካባቢ ተወልዶ ያደገው አራተኛው ጓደኛችን ግን አልሣቀም። ቀና ብሎ ውኃውን ሲመለከት ቆየና፣ «ልጅ ሆኜ እዚያ መሐሉ ላይ ኳስ ተጫውቻለሁ» አለ።

ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ነው። ከከተማ ወጥቶ በምድርና በውኃ አጠገብ ራስን ችሎ የመኖር ምኞት ለሐረር አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም ሐረር ይህንን ኑሮ ለዘመናት ኖራዋለች፤ ከዚያም አጥታዋለች። እንዴት እንደ ኖረችውና እንዴት እንዳጣችው ማወቅ፣ ዛሬ ቅዳሜና እሑድ ምንጣፍ ዘርግቶ ለሚያልም ሁሉ ይበጃል ብዬ አምናለሁ።

ከግንብ ውስጥ አድሮ ከማሳ የሚውል ከተሜ

ሐረርን በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቃት ሰው በዐይነ ሕሊናው የሚመጣበት ግንቡ፣ ጠባቡ መንገድና የመስጊዱ ሚናራ ነው። ጀጎል የተባለውን ግንብ ያሠሩት በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሐረርን የገዙት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሒድ ናቸው። ጊዜው ጦርነት፣ ረኃብና ወረርሽኝ የተደራረቡበት ነበር፤ ግንቡም የተሠራው ለጌጥ ሳይሆን ለነፍስ ነው። በውስጡ ያለው ስፍራ 48 ሔክታር ያህል ብቻ ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ስፍራዎች እንዳሉባት ጠቅሷል።

ይሁንና ግንቡ ከተማይቱን ከእርሻዋ አልቆረጣትም። አምስቱ ጥንታዊ በሮች ለዚህ ምስክር ናቸው። ሐረሪዎች አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁጣት በሪ፣ በድሮ በሪ፣ አስመዲን በሪ ይሏቸዋል፤ በአማርኛ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሸዋ በር ይባላሉ። እያንዳንዱ በር ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ አንድ ገበያና ወደ አንድ አገር የሚያወጣ ነው። ማታ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ንጋት ላይ ሲከፈቱ ከውጭ የኦሮሞ ሴቶች ወተት፣ ማገዶና እህል ይዘው ይገባሉ፤ ከውስጥ ደግሞ ሐረሪው ወደ አትክልቱ ይወጣል።

አዎን፣ ይወጣል! ብዙ ሰው ሐረሪን ነጋዴና ባለ እጅ አድርጎ ብቻ ያስባል። እርሱ ግን ቤቱን በግንቡ ውስጥ፣ ማሳውን በግንቡ ውጭ ያደረገ አትክልተኛም ነበር። በ1847 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በጥር 1855) እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ወደ ሐረር ሲመጣ ከተማይቱ በዚህ ዐይነት አትክልት ተከብባ ነበር። ቡናው፣ ጫቱ፣ ሙዙ፣ ሎሚው፣ ሮማኑ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ማሽላው። ዛሬ በመላው ዓለም የሐረር ቡና እየተባለ ስሙ የሚጠራው ቡና የዚህ አገር አትክልት ፍሬ ነው።

መውጣቱም ለሥራ ብቻ አልነበረም። የሐረሪን ኑሮ ያጠኑ ምሁራን ማኅበራዊ ሕይወታቸው በሦስት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው ይላሉ፤ እነዚህም ዘመድ፣ ጓደኛና አፎቻ ናቸው። ጓደኛ በቋንቋቸው ማሪኝ ይባላል። አብሮ ያደገ እኩያ ከልጅነት እስከ እርጅና የማይፈርስ ቡድን ይሆናል፤ አብሮ ይቀመጣል፣ አብሮ ይመክራል፣ ጥፋት ያየበትን ጓደኛውንም ይገሥጻል። አፎቻ ደግሞ በሰርግና በቀብር የሚረዳዳ ማኅበር ነው፤ የሌላው አገር ሰው በእድር የሚያውቀውን ይመስላል፤ ግን ከዚያ ሰፋ ይላል። ስለዚህ ያ ጓደኛችን በምንጣፉ ላይ ብቻውን ያለመውን ሕልም የድሮ ሐረሪ ቢሰማው፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማሪኞችህስ?» ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ጅቡም እናንሣ። በግንቡ ላይ ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሌሊት ጅቡ ገብቶ የከተማይቱን አጥንትና ጥራጊ ጠርጎ ይወጣል። በዐሹራ ዕለት ለጅቦች ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ አፈ ታሪኩም ይህ ልማድ በረኃብ ዘመን ከጅብ ጋር ከተደረገ እርቅ የመጣ ነው ይላል። ዛሬ ቱሪስት የሚያየው የጅብ ምገባ ከዚህ በጣም የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ለእኛ ቁም ነገሩ ግን ከተማይቱ ጠላቷን ሳይቀር የኑሮዋ ባልደረባ አድርጋ መያዟ ነው።

ማሩ ብቻ አይወራ

ነገር ግን ያንን ዘመን ማር አድርገን ብቻ ብናወራ ታሪክን እንበድላለን። የአትክልቱ ባለቤት ሐረሪ ይሁን እንጂ በማሳው ላይ የሚደክመው ብዙውን ጊዜ የኦሮሞ ገበሬ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ፣ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ አሚር አብዱላሂን በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ፤ አገሩንም ለራስ መኰንን ሰጡ። ከዚያ በኋላ በገበሬው ጫንቃ ላይ ሌላ ባለ መሬትና ሌላ ግብር ተጨመረ። በበሩ ወጥቶ በጥላው ሥር የሚያርፈው ሰው ዕረፍት በሌላው ላብ የቆመ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው ዐዋጅ ሲወጣ ይህ ሥርዐት ፈረሰ። ገበሬው የሚያርሰውን መሬት አገኘ፤ ፍትሕ ነበር። በአንጻሩ በግንቡ ውስጥ የሚኖረው ሐረሪ ማሳውን አጣ። ብዙው ወደ ንግድ ዞረ፤ ብዙው ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ባሕር ማዶም ተሰደደ። ለዘመናት ጥዋት በበሩ ወጥቶ ማታ የሚገባው ከተሜ አትክልተኛ ቁጥሩ መነመነ። ከዚያ በኋላ የሐረር ሰው ወደ ገጠር የሚወጣው ለሥራ ሳይሆን ለሽርሽር ሆነ። የሽርሽሩም ዋና ስፍራ ሐረማያ ነበር።

ጀልባ ያሰጠመ ውኃ

ሐረማያ ለሽርሽር መመረጡ ግን ከዚህ በፊት የቆየ ነው። በ1907 ዓ.ም. የሐረርጌ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከሰዎቻቸው ጋር በዚህ ሐይቅ ላይ በጀልባ ወጡ። ጀልባዪቱ ውኃ ገብቶባት ሰጠመች። ደጃዝማች ተፈሪ ከሞት ለጥቂት ተረፉ፤ አብረዋቸው ከነበሩት ግን የሞቱ አሉ። ከሞቱትም አንዱ በልጅነታቸው ያስተማሯቸው አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ይህንን አደጋ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ አንሥተውታል።

አንባቢ ልብ ይበል! ያ ውኃ የኢትዮጵያን ታሪክ በአንዲት ከሰዓት በኋላ ሊለውጥ የሚችል ጥልቀት ነበረው። ከ90 ዓመት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ በዚያው ስፍራ የዋናተኛን ጉልበት የሚያርስ ውኃ አልነበረም። መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ከብት የሚግጥበትና የእኛ ጓደኛ ኳስ የሚያንከባልልበት ሜዳ ሆኖ ነበር።

በእነዚህ 90 ዓመታት መካከል ምን ሆነ? አንድ ወንጀለኛ ፈልጎ ጣት ለመቀሰር የሚቸኩል ሰው ቅር ይለዋል፤ ሐይቁን አንድ ሰው አልጠጣውምና።

በመጀመሪያ ከተማይቱ ጠጣችው። ሐረር እያደገች ስትሄድ ምንጮቿ አልበቃ አሏት፤ በ1950ዎቹም የሐረማያ ውኃ በቧንቧ እየተሳበ ይመጣላት ጀመር። ለአርባ ዓመት ያህል ሐረር ከተማ ቧንቧ በከፈተ ሰው ሁሉ እጅ ከሐይቁ ትቀዳ ነበር። ቅዳሜ ለሽርሽር ወጥቶ «እንዴት ያለ ውብ ሐይቅ ነው!» ሲል የዋለው ከተሜ፣ ሰኞ ጥዋት ፊቱን የሚታጠበው በዚያው ሐይቅ ነበር።

ሁለተኛው ጫት ነው። ጫት ከተቀነጠሰ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተሽጦ ካላለቀ ይጠወልጋል። ስለዚህ ጫት የመንገድ ልጅ ነው። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ሐረርን ወደ ጎን ትቶ ድሬዳዋ ገባ፤ በኋላ የመኪና መንገድ ተጨመረ፤ አወዳይም ጫት ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሊያ የሚሸኝባት ታላቅ ገበያ ሆነች። ቡና ለፍሬ እስኪደርስ ዓመታት ያስጠብቃል፤ ሲደርስም ዋጋውን የሚወስነው በባሕር ማዶ ያለ ገበያ ነው። ጫት ግን ውኃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ዋጋው የሚወደደውም ዝናብ በሌለበት በበጋ ነው። እንግዲህ በበጋ ውኃ ያለው ገበሬ ገንዘብ አለው ማለት ነው። የሞተር ፓምፕ ሲመጣ የሐይቁ ዳር ገበሬ ያደረገውን እኔም አንተም በእርሱ ቦታ ብንሆን እናደርገው ነበር። ለጫቱ፣ ለድንቹ፣ ለሽንኩርቱ፣ ሁሉም የየራሱን ቱቦ ወደ ሐይቁ ዘረጋ።

ሦስተኛው ዳገቱ ነው። ሐረማያ የሚሞላው ከዙሪያው ኮረብታ በሚወርደው የዝናብ ውኃ ነው። ኮረብታው ዛፉን ሲያጣ ጎርፉ ውኃ ብቻ ሳይሆን አፈርም ይዞ ይወርድ ጀመር። ሐይቁ ከላይ በፓምፕ ሲጎድል ከሥር በደለል ሞላ። ጥልቀት የሌለውና የተንጣለለ ውኃ ደግሞ ፀሐይ በቶሎ ያተንነዋል። ጎረቤቱ አደሌ ሐይቅም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ የሆነው በሊቃውንት ፊት መሆኑ ነው። ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ በአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እርዳታ የተቋቋመውና በ1950 ዓ.ም. የተመረቀው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ይገኛል። የግብርና ሊቃውንቱ ሐይቁ ሲሸሽ ለክተዋል፣ ጽፈዋል፣ አስጠንቅቀዋል። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። የጎደለው ከተሜውን፣ ገበሬውን፣ ምሁሩንና ሹሙን በአንድ ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ «እያንዳንዳችን ስንት እንቅዳ?» የሚል ሸንጎ ነበር።

ሐይቅ የጠጣች ሌላ ከተማ

ይህ የእኛ ብቻ ጥፋት መስሎት አንገቱን የሚደፋ እንዳይኖር አንድ ምሳሌ እንጨምር። በአሜሪካ የካሊፎርኒያዋ ሎስ አንጀለስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1913 ከሩቅ ሸለቆ ውኃ የሚያመጣ ረጅም ቦይ አስመረቀች። ቦዩ የኦውንስን ወንዝ ስለጠለፈ፣ ወንዙ ይገባበት የነበረው የኦውንስ ሐይቅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደረቀ። ከደረቀው ሐይቅ ወለል የሚነሣው አቧራ የአካባቢውን ሰው ጤና ጎዳ። ከተማይቱም በመጨረሻ አቧራውን ለማስተኛት ስትል ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ በብዙ ወጪ ውኃ ወደ ሐይቁ ወለል መልሳ ለማፍሰስ ተገደደች።

ሐረርም ዋጋዋን ከፍላለች። ሐይቁ ሲደርቅ ቧንቧው ደረቀ። ጀሪካን ይዞ መሰለፍ፣ ውኃ በገንዘብ መግዛት የዘወትር ኑሮ ሆነ። በኋላ የተገኘው መፍትሔ ከድሬዳዋ አካባቢ ቆላ ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃውን ሽቅብ መግፋት ነበር። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ የሐረማያ ደጋ 2,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቀድሞ በቅርብ ተቀምጦ ይጠብቃት የነበረውን ውኃ ያጣች ከተማ፣ ዛሬ በኤሌክትሪክ ጉልበት ተራራ የሚያወጣ ውኃ ትጠጣለች። መብራት ሲጠፋ ውኃም የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ሐይቁ ሲመለስ

ተስፋ ግን አልሞተም። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት የሐረማያ ሐይቅ እንደገና ውኃ መያዝ ጀመረ። ደህና ዝናብ ዘነበ፤ በዙሪያው ያለው ዳገት በእርከንና በችግኝ ተሠራ፤ ከተማይቱም ከሐይቁ ቀጥታ መጠጣቷን ትታ ነበር። ወፎቹ ተመለሱ፤ ቅዳሜና እሑድ ምንጣፍ የሚዘረጉ እንደ እኛ ያሉ ሥራ ፈቶችም ተመለሱ።

ተመልሶ የመጣ ነገር ግን ተመልሶ ሊሄድ ይችላል። ያን ዕለት ምንጣፋችንን ቃኘሁት። ጫቱ በዚህ አገር ውኃ የበቀለ ነው። ቲማቲሙና ቃሪያው እንዲሁ። ቡናው የተፈላበት ውኃ ከከተማ በጀሪካን ያመጣነው ነው፤ ከቆላ ተገፍቶ የወጣው። በሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሐይቁን እየበላነው ነበር። ጓደኛዬ ያለመውም ጎጆ ከዚህ አይለይም። የእርሱ ቡና፣ የእርሱ ላም፣ የእርሱ ጓሮ አትክልት፣ በመጨረሻም የእርሱ ፓምፕ! አንድ ሰው ብቻውን ራሱን የቻለ መስሎት ሲኖር፣ እንደ እርሱ ያሉ ሺህ ሰዎች ደግሞ የየራሳቸውን ቱቦ ሲዘረጉ ሐይቁ ያልቃል። የሐረማያ ታሪክ የሚነግረን ይህንን ነው።

ስለዚህ ከአሮጌዋ ሐረር መማር ያለብን አትክልቷን አይመስለኝም። አትክልቷ በሌላው ላብ የለማ ስለነበረ እንዳለ ሊመለስ አይችልም፤ ሊመለስም አይገባውም። መማር ያለብን አፎቻዋን ነው። ሐረሪ ብቻውን መሞት እንኳ የማይችል ሰው ነው፤ ለቀብሩ አፎቻ አለውና። ለሰርግና ለቀብር ማኅበር ያለው አገር ለውኃው እንዴት ያጣል? የሐይቁ ዳር ገበሬ፣ የአወዳይ ነጋዴ፣ የሐረር ከተሜና የዩኒቨርሲቲው ምሁር አንድ ላይ የሚቀመጡበት፣ በበጋ ስንት ፓምፕ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ የሚወስኑበት፣ የጣሰውንም እንደ ማሪኝ የሚገሥጹበት የውኃ አፎቻ ያስፈልጋል። ገበሬውም ቱቦውን ሲያጥፍ በጦሙ እንዳያድር ከከተማ የሚመጣ ድርሻ ያስፈልጋል፤ ቅዳሜ የምንዝናናበትን ውኃ እርሱ ብቻ በኪሳራው እንዲጠብቅልን መጠየቅ ግፍ ነውና።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምንጣፋችንን ጠቀለልን። ድሮ ቢሆን በሩ ሳይዘጋብን እንጣደፍ ነበር፤ ዛሬ በር የሚዘጋ የለም። መኪናው ውስጥ ስንገባ ያ ሕልመኛ ጓደኛችን ዝም ብሎ ቆየና፣ «እንግዲህ ላሚቱንም ልተዋት ነው?» አለ።

ኳስ ተጫዋቹ መለሰለት፤ «ላሚቱንስ ግዛ። ፓምፑን ግን ብቻህን አትግዛ።»